ተስተካካይ ኮንትሮለርን ከእጅ ጋር ማስማማት፦ ከመጀመሪያው ግንኙነት እስከ ጀርባ ቁልፎቹ

ከኮንሶሉ ጋር የመጣውን ኮንትሮለር አስቀምጦ በሌላ አምራች የተሠራ ተስተካካይ ኮንትሮለር የሚይዝ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከወትሮው ብሶ ይጫወታል። ዒላማውን አልፎ ይሄዳል፣ ሳያስበው ይዘላል፣ መኪናው ኩርባው ላይ ከመንገድ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። የስቲኩ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ) ቁመት፣ የስፕሪንጉ ጥንካሬ፣ የትሪገሩ (በአመልካች ጣት የሚሳበው ቁልፍ) ጥልቀትና የቁልፎቹ ርቀት በአንድ ቀን ስለተለወጡ ጣት በልምድ የያዘው ልክ ሁሉ ስላልገጠመ ነው።

ችግሩን የሚያባብሰው ከዚህ በኋላ የሚደረገው ነው፤ የኮንትሮለሩን ማስተካከያ አፕ ከፍቶ በአንድ ምሽት ሁሉንም መነካካት። በማግስቱ ጨዋታው ቢሻሻልም ቢበላሽም የትኛው ለውጥ እንዳመጣው የሚታወቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሆን ተብሎ ዘገም ያለ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ኮንትሮለር በተቻለ መጠን አሮጌውን እንዲመስል ታደርጋላችሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ትለውጣላችሁ። «በአንድ ቦታ» የሚለው በተለይ ይሰመርበት፦ ዴድዞን (መሃል ላይ እንቅስቃሴው የማይቆጠርበት ክልል)፣ ከርቭ (ስቲኩ በተገፋ ቁጥር ምልክቱ የሚጨምርበት ልክ) እና የቁልፍ ምደባ በኮንትሮለሩ ውስጥም፣ እንደ ስቲም ባለ የፒሲ ጌም ማስነሻ ፕሮግራም ውስጥም፣ በጌሙ ውስጥም ሊለወጡ ይችላሉ። በሦስቱም ቦታ የተነካ ኮንትሮለር ምን እያደረገ እንዳለ ባለቤቱም ማወቅ ያቅተዋል።

አሮጌውን ሳታስቀምጡ መዝግቡ

በአሮጌው ኮንትሮለር ሦስት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ አዘውትራችሁ የምትጫወቱትን ጌም የኮንትሮለር ሴቲንግ ገጽ ፎቶ አንሱ፤ ሴንሲቲቪቲ (ካሜራው ለስቲኩ የሚመልስበት ፍጥነት)፣ ዴድዞን፣ ከርቭ፣ ንዝረት ሁሉ ይግባ።

ሁለተኛ፣ የልምምድ ሜዳ ላይ ቁሙና የቀኙን ስቲክ ወደ ቀኝ እስከ ጠርዙ ገፍታችሁ ያዙት። ካሜራው 10 ሙሉ ዙር እስኪዞር ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ለኩ፣ ለ10 አካፍሉ። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ በጣም ይጠቅማል፤ የጌሙ ሴንሲቲቪቲ ሳይነካ አዲሱ ኮንትሮለር ዙሩን ዘግይቶ ከጨረሰ፣ ስቲኩ ጠርዝ ላይ ደርሶም ሙሉውን ምልክት አይልክም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ሙሉ ጨዋታ እየተጫወታችሁ የቀኝ አውራ ጣታችሁ ስቲኩን ጥሎ የትኛውን ቁልፍ ለመጫን እንደሚሄድ ተከታተሉ። ብዙውን ጊዜ መዝለል፣ ማጎንበስ፣ ጥይት መሙላትና መሣሪያ መቀየር ናቸው። ዝርዝሩን በጽሑፍ አስቀምጡት፤ የጀርባ ቁልፎች ዋና ጥቅም ለእነዚሁ ነው።

ትክክለኛው ሞድና ትክክለኛው ግንኙነት

የሌላ አምራች ኮንትሮለር ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ማንነት፣ ማለትም ሞድ፣ አለው። እንደ ኤይትቢትዱ ፕሮ 2 ያሉት ሞዱን የሚመርጥ ተንሸራታች ማብሪያ አላቸው፤ ሌሎቹ ሲበሩ አንድ ቁልፍ አብሮ በመያዝ ይቀየራሉ። ብዙ «ኮንትሮለሩ ተበላሸ» የሚል ቅሬታ መነሻው የተሳሳተ ሞድ ነው።

ኤክስ-ኢንፑት ከኤክስቦክስ 360 ጋር በ2005 የመጣ አሠራር ሲሆን ፒሲ ላይ አብዛኛው ጌም ያለ ምንም ማስተካከያ ይረዳዋል። ድክመቱ የሚያውቃቸው ቁልፎች የተወሰኑ መሆናቸው ነው። የጀርባ ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የእጅ እንቅስቃሴ የሚለካውን ጋይሮም አያስተላልፍም። ስለዚህ በዚህ ሞድ የጀርባ ቁልፍ ከፊት ያለው የአንዱ ቁልፍ ግልባጭ ብቻ ይሆናል፤ ጌሙ ሁለቱን ለይቶ ማየት አይችልም።

የስዊች ሞድ ጋይሮውን ያሠራል፤ በምትኩ ትሪገሮቹ ልክ እንደ ተራ ቁልፍ «ተጫነ» ወይም «አልተጫነም» ብቻ ይላሉ፤ የኔንቲንዶ የራሱ ፕሮ ኮንትሮለር ትሪገሮችም እንዲሁ ናቸውና። ነዳጁን በልክ መስጠት በሚያስፈልግበት የመኪና ውድድር ይህን ሞድ አትጠቀሙ። በዚህ ሞድ የኤ እና የቢ፣ የኤክስ እና የዋይ ቦታ ከኤክስቦክስ አቀማመጥ ጋር ሲነጻጸር ይገለባበጣል። ዲ-ኢንፑት የቆየ አሠራር ነው፤ ለአሮጌ ጌሞችና ለአንዳንድ የስልክ ጌሞች ካልሆነ አትምረጡት።

ኮንሶል ላይ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ኤክስቦክስ የሚቀበለው ፈቃድ ያላቸውን ኮንትሮለሮች ነው፤ ከ2023 ኅዳር ወዲህ ያልተፈቀደ መሣሪያ ሲሰካ 0ኤክስ82ዲ60002 የሚል የስህተት ቁጥር ወጥቶ የጊዜ ገደብ ከሰጠ በኋላ ይዘጋዋል። ፒኤስ 5 ደግሞ ለራሱ ጌሞች ዱዋልሴንስን ወይም ለፒኤስ 5 ተብሎ ፈቃድ የተሰጠውን ይፈልጋል። ሳጥኑ ላይ የኮንሶሉ የፈቃድ ምልክት መኖሩን ማየት ከሁሉም ማስተካከያ ይቀድማል።

ለመጀመሪያው ሳምንት በገመድ ተጫወቱ። እጃችሁን እያለማመዳችሁ ሳለ የሽቦ አልባው መዘግየት ከተጨመረበት ጥፋቱ የጣት ይሁን የሬዲዮ መለየት ያስቸግራል። ገመዱ መረጃ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ባትሪ ብቻ የሚሞላ ገመድ ሲሰካ መብራቱ ይበራል እንጂ ኮምፒውተሩ ኮንትሮለሩን አያየውም።

ኋላ ወደ ሽቦ አልባ ስትሄዱ ከብሉቱዝ ይልቅ አብሮ የመጣውን የ2.4 ጊጋኸርትዝ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ) ምረጡ። ዶንግሉን ከዩኤስቢ 3 መግቢያዎች አርቁት፤ ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በዚሁ የ2.4 ክልል ጫጫታ ያወጣል፣ ምልክቱም ይቆራረጣል። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ከመሰካት ይልቅ በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ አውጥቶ ኮንትሮለሩ በሚያየው ቦታ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል።

ፖሊንግ ሬት የሚባለውን፣ ኮንትሮለሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሪፖርት እንደሚያደርግ የሚናገረውን ቁጥር በተመለከተ ብዙ ይጋነናል። 125 ኸርትዝ በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ 250 በየ4፣ 1000 ደግሞ በየ1 ሚሊሰከንዱ ሪፖርት ማድረግ ነው። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ስክሪን አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ከ125 ወደ 250 መውጣት ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት ለአብዛኛው ተጫዋች ከግንኙነቱ መረጋጋት ያነሰ ዋጋ አለው፣ በሽቦ አልባ ሲሆን ደግሞ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል።

ፈርምዌርና ካሊብሬሽን

ፈርምዌሩን (በኮንትሮለሩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) አሁኑኑ አድሱ፤ ሴቲንግ ካስተካከላችሁ በኋላ ከሆነ እድሳቱ አንዳንዴ ፕሮፋይሎችን (የተቀመጡ የሴቲንግ ስብስቦችን) ያጠፋል። ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን፣ ገመዱ በዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሃብ) ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካ፣ እስኪጨርስ አትንኩት። ዶንግሉም የራሱ ፈርምዌር ካለው እሱንም አድሱ፤ አንዱ ታድሶ ሌላው ሲቀር አንዳንድ ጊዜ መገናኘት ያቆማሉ።

ከዚያ ካሊብሬት አድርጉ፤ ማለትም የስቲኩንና የትሪገሩን መነሻና ጠርዝ እንደ አዲስ አስመዝግቡ። የማስጀመሪያው ቁልፍ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ በመመሪያ ወረቀቱ ላይ ፈልጉት፤ አሠራሩ ግን ተቀራራቢ ነው፦

1. ኮንትሮለሩን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ስቲኮቹን ሳትነኩ አስጀምሩት። መሃሉን የሚያነበው በዚህ ቅጽበት ነው፤ አውራ ጣት ስቲኩ ላይ ካረፈ የተዛባ መሃል መዝግቦ ያስቀምጣል።
2. እያንዳንዱን ስቲክ ጠርዙን ይዞ ቀስ ብሎ ከ3 እስከ 5 ዙር አዙሩ። ጠርዙ ላይ በኃይል አትጫኑ፤ የተጋነነ ጠርዝ ከተመዘገበ በመደበኛ ጨዋታ 100% መድረስ ያቅታል።
3. ሁለቱንም ትሪገሮች እስከ ታች ሦስት ጊዜ ተጫኑና ልቀቁ።
4. አስቀምጡ፣ አጥፉ፣ ስቲኮቹን ሳትነኩ መልሳችሁ አብሩ።

ብዙዎቹ አዳዲስ ኮንትሮለሮች ሆል ኢፌክት የተባለውን ሴንሰር ይጠቀማሉ። ኤድዊን ሆል በ1879 ያገኘው ክስተት ነው፤ ሴንሰሩ የማግኔትን እንቅስቃሴ ሳይነካው ያነባል። በተለመደው ስቲክ ውስጥ የካርቦን ትራክ ላይ የሚፈተግ ብረት አለ፤ ያ ሲበላ ስቲኩ ሳይነካ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሆል ኢፌክት ከዚህ መበላት ይድናል እንጂ ከካሊብሬሽን ነጻ አይደለም። ጠንካራ ማግኔት ሲጠጋውም ንባቡ ይዛባል፤ የስልክ መያዣ ማግኔት ወይም ማግኔት ያለበት ማስቀመጫ ከስቲኩ አጠገብ እንዳይሆን።

ስቲኩን መፈተሽ

ማንኛውም የጌምፓድ መፈተሻ ድረ ገጽ ብሮውዘር ላይ ቁጥሮቹን ያሳያችኋል። መሃሉ 0፣ ጠርዞቹ ከ1 እስከ አሉታዊ 1 ናቸው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የጌም ኮንትሮለሮች መስኮትም ይሠራል፤ ግን በኤክስ-ኢንፑት ሁለቱን ትሪገሮች በአንድ መስመር ስለሚያሳይ ሁለቱን አብራችሁ ስትጫኑ ይጣፋሉ። ያ ብልሽት አይደለም፤ መስኮቱ የሚያነብበት መንገድ ነው።

ስቲኩን ሳትነኩ ቁጥሩን እዩ። ከ0.03 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ገፋችሁ በድንገት ልቀቁት፣ ይህን በአራቱም አቅጣጫ ደጋግሙ፤ የሚመለስበትን ትልቁን ቁጥር ያዙ። የምትፈልጉት ዴድዞን ከዚያ ቁጥር ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ስቲኩን በጠርዙ አዙሩት፤ በየትኛውም አቅጣጫ ከ0.98 በታች የሚቀር ከሆነ ካሊብሬሽኑን ድገሙ፣ ካልተስተካከለ አፑ ውስጥ የውጭውን ዴድዞን በ2 ወይም 3% አሳድጉ። ያኔ ስቲኩ ጠርዙ ላይ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ 100% ይላል።

ዴድዞንና አንቲ-ዴድዞን

ሰዎች አዲስ ስቲክ ገዝተው «ይከብደኛል፣ ቶሎ አይመልስም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ዴድዞን ስቲኩ ቢንቀሳቀስም ጌሙ እንዳላየ የሚያልፈው መሃል ላይ ያለ ክልል ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስ-ኢንፑት መነሻ አድርጎ የሰጠው ልክ ለግራ ስቲክ 7849፣ ለቀኝ 8689 ነው። የስቲኩ ከፍተኛ ቁጥር 32767 ስለሆነ ይህ ወደ 24% እና 26.5% ይጠጋል። በፍትጊያ ለሚበላ ስቲክ ታስቦ የተተወ ሰፊ ቦታ ነው። ጌሙ ይህን ልክ ወይም ተቀራራቢውን ከተጠቀመ፣ የእናንተ ስቲክ መሃሉ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን የመጀመሪያው ሩብ ጉዞው ባዶ ነው።

በዚህ ላይ ኮንትሮለሩ የራሱን 10% ዴድዞን ሲጨምርበት ባዶው ክልል ይሰፋል። ዒላማውን በጥቂቱ ለማረም ስቲኩን ትገፋላችሁ፣ ምንም አይሆንም፣ ትንሽ ትጨምራላችሁ፣ ዘሎ ያልፋል። እጃችሁ የተንቀጠቀጠ ይመስላችኋል፤ ጥፋቱ ግን የተደራረበው ዴድዞን ነው።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ጌሙ ዴድዞንን እስከ 0 የሚያወርድ ሴቲንግ ካለው በጌሙ አውርዱትና በፈተናው ያገኛችሁትን ልክ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5%፣ ኮንትሮለሩ ላይ ብቻ አስቀምጡ። ጌሙ የማያወርድ ከሆነ ደግሞ በኮንትሮለሩ አፕ ወይም በስቲም ውስጥ አንቲ-ዴድዞን የሚለውን ፈልጉ። ይህ ስቲኩ ገና ሲነካ ቁጥሩን ከጌሙ ዴድዞን ወሰን ላይ የሚያስጀምር ነው። ጌሙን ክፈቱ፣ ከ0 ጀምራችሁ በ2% በ2% እያሳደጋችሁ ስቲኩን በጥቂቱ ነካ አድርጉ። ካሜራው ስቲኩን ሳትነኩት መንቀሳቀስ የጀመረበት ቁጥር ላይ ስትደርሱ 2% ዝቅ በሉና እዚያ አቁሙ። ይህ ልክ ለዚያ ጌም ብቻ ነው፤ በሌላ ጌም ካሜራው ያለማቋረጥ ሊዞር ስለሚችል በተለየ ፕሮፋይል አስቀምጡት።

ከርቭን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጥተኛው ላይ ተዉት። ጌሙም የራሱ ከርቭ አለው፤ ሁለት ከርቭ ሲደራረብ መሃሉ የሞተ፣ ጠርዙ የሚፈነጥር ስቲክ ይወጣል። ኮንትሮለሩ ላይ ከርቭ የምትቀይሩት ጌሙ ምንም ምርጫ ካልሰጠ ብቻ ነው።

አሁን የ10 ዙሩን መለኪያ ድገሙ። ከአሮጌው ጋር ከተቀራረበ መሠረቱ ተስተካክሏል፤ ሴንሲቲቪቲውን አትንኩት። «ፈጠነብኝ» ወይም «ዘገየብኝ» የሚለው ስሜት በዚህ ደረጃ በአብዛኛው ከስፕሪንጉና ከስቲኩ ቁመት የሚመጣ ነው፣ በጥቂት ቀናትም ይለቃል።

የሚቀያየሩት አካላት

ከአሮጌው ጋር በቁመትና በቅርጽ የሚቀራረበውን ስቲክ አድርጋችሁ ጀምሩ። ረጅም ስቲክ ለተመሳሳይ ማዘንበል አውራ ጣትን ረዘም ያለ መንገድ ያስኬዳል፤ ስለዚህ ጥቃቅን እርማት ይቀላል፣ ከጠርዝ ጠርዝ መወርወር ግን ይዘገያል። ለተኩስ ጌም በቀኝ ረጅም፣ በግራ አጭር ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። መሃሉ ጎድጎድ ያለው ጣትን ይይዛል፤ ጉብ ያለው ጣት አንግል እየቀየረ እንዲንከባለል ይፈቅዳል። በማግኔት የተያዘ ስቲክ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሳባል፤ አዘንብሎ መንቀል የተተከለበትን ዘንግ ያጎብጠዋል።

የስፕሪንጉ ጥንካሬ የሚስተካከል ከሆነ ከመካከለኛው ጀምሩ። ጠንካራ ስፕሪንግ ካሰቡት በላይ ከማለፍ ያግዳል፤ ነገር ግን ረጅም ስትጫወቱ የአውራ ጣትን ሥር ያደክማል። በድንገት ሲለቀቅም መሃሉን አልፎ ወደ ተቃራኒው ሊወዛወዝና ጌሙ ይህን እንደ ትእዛዝ ሊያነበው ይችላል። ገጸ ባህሪው ስቲኩን ስትለቁ ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ የግራውን ዴድዞን ወደ 6 ወይም 8% አሳድጉት።

ትሪገሩን የሚያሳጥረው ማቆሚያ ለተኩስ ይጠቅማል፣ ለመኪና ውድድር ግን ክፈቱት። ሲቆለፍ መፈተሻው ላይ እስከ 1.00 መድረሱን እዩ። በአንዳንድ ኮንትሮለሮች ማቆሚያው አካላዊ ብቻ ነው፤ ትሪገሩ በግማሽ ሲቆም ቁጥሩም በግማሽ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ሙሉ ተጭኖ የሚጠብቅ ጌም ላይ መሣሪያው አይተኩስም። መፍትሔው አፑ ውስጥ የትሪገሩን ከፍተኛ ወሰን ወደዚያ ማውረድ ነው። የማውዝ ጠቅታ የሚመስል ድምፅ የሚሰጠው የትሪገር ሞድ በባሕርዩ 0 ወይም 1 ብቻ ስለሆነ ሌላ ማስተካከያ አይሻም።

የጀርባ ቁልፎች

ለብዙዎች ተስተካካይ ኮንትሮለር የመግዣ ምክንያቱ እነዚህ ናቸው፤ ብዙዎችም ተስፋ ቆርጠው የሚተዉዋቸው እነዚህን ነው። መተው የሚመጣው አራቱንም በመጀመሪያው ቀን በመመደብ ነው። እጅ ሲጨነቅ አዲሱን ነገር አጥብቆ ይጨብጣል፤ መጨበጥ ደግሞ የጀርባውን ቁልፍ መጫን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት ቁልፎቹን ምንም ሳትመድቡባቸው ተጫወቱ። ሳታስቡት ብትጫኑ ምንም አይሆንም፤ ጣቶቹ ግን ሳይጨብጡ ማረፍን ይማራሉ። አያያዙ እንዲህ ነው፦ አመልካች ጣት ትሪገሩ ላይ፣ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት እጀታውን ይሸከማሉ፣ የመሃል ጣት ልስላሴው በጀርባ ቁልፉ ላይ ያርፋል። ክብደቱን የመሃል ጣት ከተሸከመ ቁልፉ ዘወትር ይጫናል። አራት ቁልፍ ካለና ውጭ ያሉት መነቀል የሚችሉ ከሆኑ ንቀሏቸው፤ ካልሆነ ባዶ ተዉአቸው።

ከዚያ ከዝርዝራችሁ አንዱን ብቻ መድቡ። ለተኩስ ጌም መዝለል ይቅደም፤ ዒላማ ላይ ሆኖ መዝለል የቀኝ አውራ ጣትን ከስቲኩ የሚያፈናቅል ዋነኛው ድርጊት ነው። ወደ የትኛው እጅ ብትሉ፣ በተቻለ መጠን ከሚተኩሰው እጅ በተቃራኒ፣ ማለትም በግራ በኩል አድርጉት። ቀኙ ትሪገር እየተጫነ በዚያው እጅ የጀርባ ቁልፍ መጫን ዒላማውን ያንቀጠቅጣል። በመኪና ውድድር ማርሽ መጨመሪያው በቀኝ፣ መቀነሻው በግራ ይሁን። ለመሮጥ የግራ ስቲክን ወደ ውስጥ መጫን የሚጠይቅ ጌም ካላችሁ፣ ያንን (ኤል 3 የሚባለውን) ወደ ጀርባ ማዛወር ስቲኩንም ከድካም ያድነዋል።

ምደባው በአፑ ወይም በኮንትሮለሩ ላይ ባለ የፕሮግራም ቁልፍ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ የፕሮግራም ቁልፉን፣ የምትፈልጉትን የፊት ቁልፍና የጀርባውን ቁልፍ አንድ ላይ ይዞ መብራቱ ብልጭ ሲል መልቀቅ ነው። በመፈተሻው አረጋግጡ፤ የጀርባውን ስትጫኑ የፊተኛው መብራት አለበት።

አውራ ጣት በልማድ ወደ ፊተኛው ቁልፍ መሄዱን ካልተወ፣ የፊተኛውን ቁልፍ ለጊዜው ከጌሙ ድርጊት ማላቀቅ ይረዳል። ኤ ቁልፍን ግን በኮንትሮለሩ ላይ አታጥፉት፤ ሜኑ ውስጥ ማረጋገጫው እሱ ነው። ለዚህ ዘዴ ማጎንበሻው ወይም የመሣሪያ መቀየሪያው ይመረጣል።

ሁለተኛውን ቁልፍ የምትጨምሩት የመጀመሪያውን ሳታስቡት መጫን ስትጀምሩ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት አውራ ጣት ከስቲኩ አይነሳም። ሦስተኛና አራተኛው ለብዙ ሰው አያስፈልጉም፤ ባዶ መተዋቸው ምንም ነውር የለውም።

የልምምድ አካሄድ

በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነጥብ በማይቆጠርበት ሜዳ ላይ ተለማመዱ፣ ከዚያ ወደ ጨዋታ ግቡ። በአንድ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ከመጨረስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መሥራት ይሻላል፤ የጣት ትውስታ በልምምዶቹ መካከል ባለው እረፍትና እንቅልፍም ይጠናከራል።

ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ምረጡና በዙሪያው እየተራመዳችሁ ዒላማውን ነጥቡ ላይ አቆዩት። ይህ ሁለቱን ስቲኮች አብሮ ያስተምራል። ቀጥሎ ተራርቀው ያሉ ሁለት ነጥቦችን ይዛችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ዝለሉ፤ ሁልጊዜ የምታልፉት ከሆነ የመሃሉ ቁጥጥር ገና ነው፣ ሁልጊዜ የምትቀሩ ከሆነ ዴድዞኑን ድጋሚ እዩት። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ልምምድ በጀርባ ቁልፉ እየዘለላችሁ ድገሙ። ለመኪና ውድድር አንድ መኪናና አንድ አጭር ትራክ ይዛችሁ ሰዓት ከማሳደድ ይልቅ ተመሳሳይ የዙር ሰዓት ደጋግሞ ማምጣት ላይ አተኩሩ።

በዚህ ጊዜ ወደ አሮጌው ኮንትሮለር አትመለሱ። ከ7 እስከ 10 የጨዋታ ቀናት ሳይሞላም በሴንሲቲቪቲው ላይ ፍርድ አትስጡ። ከዚያ በኋላ አሁንም ዒላማውን የምታልፉ ከሆነ በ5% ብቻ ዝቅ አድርጉና ሁለት ቀን ጠብቁ። አውራ ጣት ሥር ወይም አንጓ ላይ ሕመም ከተሰማ ግን አትጠብቁ፤ የስፕሪንጉን ጥንካሬ ቀንሱ፣ አያያዙን አላሉ፣ ሕመሙ እስኪተው አትጫወቱ።

ፕሮፋይል፣ ማክሮና ቱርቦ

አብዛኞቹ ሦስት ወይም አራት ፕሮፋይል በውስጣቸው ይይዛሉ። የመጀመሪያውን እንደ ፋብሪካው ንጹሕ ተዉት፤ ችግር ሲመጣ ወደ እሱ ቀይሮ ማየት የሴቲንግ ይሁን የዕቃው ጥፋት ወዲያው ይለያል። ሁለተኛው ለተኩስ፣ ሦስተኛው ለመኪና ይሁን። የአፑን ገጾች ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ማክሮ (በአንድ ጭነት ተከታታይ ትእዛዞችን መላክ) እና ቱርቦ (ቁልፉ ተይዞ ሳለ በፍጥነት ደጋግሞ መጫን) በኦንላይን ጨዋታና በውድድር ብዙ ቦታ የተከለከሉ ናቸው፤ የጌሙን ደንብ ሳታነቡ አትጠቀሙባቸው። ግልባጭ የሆነ የጀርባ ቁልፍ ግን አንድ ጊዜ ሲጫን አንድ ትእዛዝ ብቻ ስለሚልክ ሌላ ነገር ነው፤ ሆኖም ወደ ውድድር የሚሄድ ሰው ይህንንም ከደንቡ ያረጋግጥ።

ሲበላሽ የሚታዩ ምልክቶችና መነሻቸው

አንድ ቁልፍ በራሱ ተደጋግሞ ይጫናል፦ ቱርቦ ሳታውቁት በርቷል። የቱርቦውን ቁልፍና ያንን ቁልፍ አብራችሁ ስትጫኑ በአብዛኛው ይጠፋል።

አንድ ጊዜ ስትጫኑ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ወይም ስክሪኑ ላይ የቁልፎቹ ምስል ይለዋወጣል፦ ጌሙ ኮንትሮለሩን በቀጥታም በስቲም በኩልም እያነበበው ነው። ከሁለቱ አንዱን ዝጉ።

ኤ እና ቢ ተገላበጡ፦ ስዊች ሞድ ላይ ናችሁ፣ ወይም ስቲም ውስጥ የኔንቲንዶ አቀማመጥ የሚለው ምርጫ በርቷል።

ጋይሮ አይሠራም፦ ኤክስ-ኢንፑት ላይ ናችሁ።

ካሜራው በራሱ ይንሸራተታል፦ መጀመሪያ ስቲኩን ሳትነኩ አጥፍታችሁ አብሩ፤ አንዳንዶቹ ሲበሩ ያገኙትን ቦታ መሃል ብለው ይይዛሉ። ቀጥሎ አንቲ-ዴድዞኑ በዚህ ጌም ፕሮፋይል ላይ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ ካሊብሬት አድርጉ። በንጹሑ ፕሮፋይልም ከካሊብሬሽን በኋላም መፈተሻው ላይ ከ0.10 በላይ ካሳየ ጉዳዩ የዋስትና ነው።

ቁልፍ እየተጣበቀ ይመለሳል፦ ኮንትሮለሩን አጥፉ፣ የጥጥ እንጨት ጫፉን በ70% ወይም ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥቂቱ አርሳችሁ የቁልፉን ዙሪያ ጥረጉ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ አብሩ። ፈሳሽ በቀጥታ አታፍስሱበት። በማግኔት የሚያዙ ስቲኮችና ሽፋኖች ጥቃቅን የብረት ብናኝ ይሰበስባሉ፤ መልሳችሁ ከመግጠማችሁ በፊት ሥራቸውን በተጣባቂ ቴፕ አንሱት።